በርሊንን ከጠቀሱ አይቀር ሙሉውን ይንገሩን

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። የድሮ የመንግሥት ሕንፃ በፈረሰ ቁጥር የምንጮህ ሰዎች ዓለም የት እንደደረሰ አናውቅም። ጀርመን በርሊን ላይ የኮሚኒስቶቹን ሕንፃ አፍርሳ በቦታው የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት እንደነበረ ሠርታለች። ፖላንድ የዋርሶን ቤተ መንግሥት ከፍርስራሽ አንሥታለች። ደቡብ ኮሪያ የጃፓኖችን ሕንፃ ከሶል መሀል ነቅላ ጥላለች። ስለዚህ የማይፈለገውን ማፍረስ፣ የሚፈለገውን ደግሞ ፎቶ አይቶ መልሶ መሥራት የሠለጠነ አገር አሠራር ነው፤ አዲስ አበባም ይህንኑ ታድርግ። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ሰውም አምኖታል። እኔ የምኖረው በርሊን ነው። መልሶ የተሠራው ቤተ መንግሥት የሥራ መንገዴ ላይ ነው፤ ታሪኩንም ለዓመታት ተከታትየዋለሁ። የተጠቀሱት ምሳሌዎች ጠጋ ብሎ ላያቸው ሰው ጸሐፊውን አይደግፉም። አንድ በአንድ እንሂድ። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው የበርሊኑ ቤተ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደመ ብለው ይጀምራሉ። የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ጋ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። ቤተ መንግሥቱ መሠራት የጀመረው በ1443 ነው። ሰው የሚያውቀውን መልኩን የሰጠው በ1700 አካባቢ አንድሪያስ ሽሉተር የሚባል ቀራፂና አርክቴክት ነው። የፕሩሺያ ነገሥታት፣ ኋላም የጀርመን ንጉሠ ነገሥታት መናገሻ ነበር። በፌብሩዋሪ 3 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች በርሊንን ሲደበድቡ በእሳት ተያያዘ፤ ለቀናት ነደደ። ጣሪያው ሄደ፣ ውስጡ በአብዛኛው ተቃጠለ። ግድግዳው ግን ቆሞ ነበር። እንዲያውም በ1946 ከተረፉት አዳራሾች በአንዱ ስለ በርሊን መልሶ ግንባታ ኤግዚቢሽን ታይቶበታል።

የፈረሰው ጦርነቱ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሰላም ጊዜ ነው። በጁላይ 1950 የምሥራቅ ጀርመኑ ገዢ ፓርቲ መሪ ቫልተር ኡልብሪኽት ቤተ መንግሥቱ እንዲነሣ በፓርቲው ጉባኤ ላይ አስታወቀ። ሰልፍ የሚወጣበት ሰፊ አደባባይ ተፈልጎ ነበር። በዚያ ላይ ሕንፃው የነገሥታቱ ምልክት ነው ተባለ። የኪነ ጥበብና የሕንፃ ታሪክ ምሁራን ለመኑ፣ ጻፉ፣ ተቃወሙ። የሰማቸው አልነበረም። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፣ በአራት ወር ውስጥ፣ 500 ዓመት የቆመ ቤት በድማሚት ብትንትኑ ወጣ።

አንድ በር ብቻ ተረፈ። ሶሻሊስቱ መሪ ካርል ሊብክኔኽት በኖቬምበር 1918 ሶሻሊስት ሪፐብሊክ ያወጀው ከዚያ በር በላይ ካለው ሰገነት ላይ ነበር ተብሎ ድንጋዮቹ ተለቅመው ተቀመጡ፣ ከዚያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተሠራው የመንግሥት ምክር ቤት ሕንፃ ላይ ተገጠሙ። ዛሬም አለ፣ ሄዶ ማየት ይቻላል። ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው የሶሻሊስት ዘመን ሕንፃ መሀሉ ላይ ድንገት ሰገነት የተሸከሙ የድንጋይ ሰዎች ያሉበት የ18ኛው ክፍለ ዘመን በር ይወጣዋል። ከነባሩ ድንጋይ የቀረው ከፊሉ ብቻ ነው፣ ሌላው ተመስሎ የተሠራ ነው። እዚያ ፊት ለፊት ስቆም ሁልጊዜ የሚሰማኝ ንዴት ነው። ገዢዎቹ ከዚያ ሁሉ ታሪክ የፈለጉት ስለ እነሱ የሚናገረውን ቁራጭ ብቻ ነበር።

እና ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት ሕንፃ መልሶ መሠራት ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ይታያችሁ። አንድ መንግሥት የጠላውን ሥርዓት ሕንፃ በችኮላ ስላፈረሰ ነው። እሳቸው አዲስ አበባ ታድርገው የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቀጥለው የኮሚኒስቶቹ ሕንፃ፣ ማለትም የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት የሚባለው፣ በአስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) የተመረዘ ስለነበር ከመፍረስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም ይላሉ።

አስቤስቶስ እንደነበረበት እውነት ነው። ብረቱ እሳት እንዳይበግረው ተብሎ የተረጨ ነው። በ1990 የተዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን አስቤስቶሱ ተጠርጎ አልቋል፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ2003 ነው። ማፍረስ የተጀመረው ደግሞ በ2006። መርዙ ከወጣ በኋላ የቀረው አፅም ውስጥ ሠዓሊዎችና ቲያትረኞች ገብተው ዝግጅት አሳይተዋል፣ ሕዝብም ገብቶ አይቷል። በዚያው በርሊን፣ በምዕራቡ በኩል፣ በ1979 የተከፈተ አይሲሲ የሚባል ግዙፍ የጉባኤ ማዕከል አለ። እሱም አስቤስቶስ አለበት። ከ2014 ጀምሮ ተዘግቷል። ግን አልፈረሰም፤ በ2019 በቅርስነት ተመዘገበ። አንድ ዓይነት መርዝ ያለባቸው ሁለት ሕንፃዎች፣ አንዱ ፈረሰ፣ ሌላው ቅርስ ሆነ። የፈረሰው የተሸናፊው ሥርዓት ሕንፃ ስለነበረ ነው።

ያ ሕንፃ ምን ነበር ታዲያ? በ1976 የተከፈተ፣ የምሥራቅ ጀርመን ፓርላማ የሚሰበሰብበት ቤት ነው። ፓርላማው ለብዙ ዓመት እጅ ከማውጣት ያለፈ ሥራ አልነበረውም፣ ይህን አልክድም። በዚያው ጣሪያ ሥር ግን 5,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ሬስቶራንቶች፣ ቲያትር፣ ዲስኮ፣ ቦውሊንግ መጫወቻ ነበሩ። የምሥራቅ በርሊን ሰው እራት የሚበላበት፣ የሚጨፍርበት፣ ልጆቹን የሚያስደስትበት ቦታ ነበር። ከዚህም በላይ፣ በኦገስት 23 1990 በነፃ ምርጫ የተመረጠው ፓርላማ ወደ ምዕራብ ጀርመን ለመቀላቀል ድምፅ የሰጠው እዚያ ነው። የሁለቱ ጀርመኖች ውህደት የተወሰነበት አዳራሽ ነበር ማለት ነው። እሱ ዛሬ የለም። በዕድሜ ገፋ ያሉ የምሥራቅ በርሊን ሰዎችን ስለዚህ ሕንፃ ጠይቁ፤ ሥርዓቱን የሚጠሉት ሳይቀሩ ፊታቸው ሲለወጥ ታያላችሁ።

የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት «እንደነበረ ተሠራ» የሚለው ደግሞ ውሃ የማያነሳ ነው። አሁን የቆመው የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ከአራቱ ውጫዊ ገጽታዎች ሦስቱ የድሮውን መስለው በድንጋይ ለብሰዋል፣ ከውስጠኛው ግቢዎችም አንዱ እንዲሁ። በወንዙ በኩል ያለው አራተኛው ገጽ ዘመናዊ ነው፤ ጣሊያናዊው አርክቴክት ፍራንኮ ስቴላ በ2008 ውድድሩን ሲያሸንፍ ያቀረበው እንዲሁ ነበር። ውስጡ ሙዚየም ነው፣ ኤስካሌተር ያለው ሰፊ ነጭ አዳራሽ። የነገሥታቱ ክፍሎች አልተመለሱም።

ለዚህም ቢሆን የተከፈለውን ዋጋ ጸሐፊው ዘለሉት። ወደ 680 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ከግለሰቦች መዋጮ የመጣ ሲሆን የዋለውም በተለይ ለውጭው የድንጋይ ጌጥ ነው። ጊዜውንም እንቁጠር። ቪልሄልም ፎን ቦዲን የሚባል የሐምቡርግ ነጋዴ በ1993 የቤተ መንግሥቱን ገጽ በትልቅ ሸራ ላይ አስሎ፣ በብረት መወጣጫ ላይ ሰቅሎ፣ በቦታው ላይ በሙሉ ቁመቱ ለሕዝብ አሳየ። ሰው አይቶ ይከራከር ተብሎ ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ፓርላማው ድምፅ የሰጠው በ2002 ነው። የመሠረት ድንጋይ በ2013 ተቀመጠ፤ ሕዝብ ገብቶ ያየው በ2021። ከሸራው እስከ መክፈቻው 28 ዓመት። በአራት ወር የፈረሰ ቤት ነው ይሄ።

«ፎቶው እስካለ ድረስ» የሚሉትም ነገር አለ። ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ጀርመኖች የነበራቸው ሕንፃ ለመለካት ተብለው በልዩ ካሜራ የተነሡ የድሮ ፎቶዎች ናቸው፤ ከእነዚያ ላይ ልኬት ማውጣት ይቻላል። ከፍርስራሹ የተለቀሙ የእውነተኛው ድንጋይ ቁራጮችም ነበሯቸው። በከተማዋ ዳር፣ ሽፓንዳው በሚባለው ሰፈር፣ ወርክሾፕ ተከፍቶ ቀራፂዎች ያንን ፎቶ እያዩ መጀመሪያ በሸክላ አፈር፣ ከዚያ በጀሶ፣ በመጨረሻ በድንጋይ እያንዳንዱን ንስር፣ እያንዳንዱን የአበባ ጉንጉን ሠሩ። አንድ ንስር ከሌላው ይለያል፤ የጥንቶቹ ቀራፂዎች እጅ ስለሚለያይ ያንን ልዩነት ሳይቀር መመለስ ነበረባቸው። የአንድ ክንፍ ጥልቀት ስንት ነው የሚለውን ከፊት ለፊት የተነሣ ተራ ፎቶ አይነግርህም። እኛ ከፈረሱብን ቤቶች የቀረን በአብዛኛው በስልክ የተነሣ፣ ያውም ከመንገድ ማዶ የተነሣ ፎቶ ነው።

ደግሞ መልሶ መሥራት ክርክሩን አይዘጋውም። የበርሊኑ ጉልላት ላይ መስቀል ይመለስ ወይስ አይመለስ ተብሎ ብዙ ተባለ፤ ተመለሰ። በጉልላቱ ዙሪያ ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ያስጻፈው፣ ጉልበት ሁሉ በኢየሱስ ስም ይንበርከክ የሚለው ቃል በወርቅ ፊደል ተመለሰ። ከሥሩ ያለው ሙዚየም የያዘው በቅኝ ግዛት ዘመን ከአፍሪካና ከሌላው ዓለም የመጡ ዕቃዎችን ነው፤ በዛሬዋ ናይጄሪያ ከነበረው የቤኒን መንግሥት ከተዘረፉት ነሐሶች ከፊሎቹ ሳይቀሩ እዚያ ለእይታ ቀርበዋል። ሕንፃው ተከፍቶ እንኳን ጭቅጭቁ አላለቀም። የትኛውን ዘመን እንመልስ ብሎ መምረጥ ፖለቲካ ነውና።

ዋርሶን በተመለከተ ጸሐፊው ሊያነሡት ባይገባ ይሻል ነበር። የዋርሶ ቤተ መንግሥት የፖላንድ ነገሥታትና ፓርላማ የነበሩበት፣ የ1791ዱ ሕገ መንግሥት የጸደቀበት ቤት ነው። ያፈረሰው ጠላት ነው። በሴፕቴምበር 1939 በቦምብ ተመታ። ጀርመኖች ከተማዋን እንደያዙ ግድግዳው ላይ ለድማሚት ቀዳዳ መሰርሰር ጀመሩ። እነሱ ሲሰረስሩ የብሔራዊ ሙዚየሙ ኃላፊ ስታኒስዋፍ ሎሬንትዝና ሠራተኞቹ ነፍሳቸውን አስይዘው የበር ፍሬሙን፣ የግድግዳ ጌጡን፣ ቅርጻ ቅርጹን እያወጡ ደበቁ። በ1944፣ የዋርሶ ሕዝብ በጀርመኖች ላይ ባመፀበት ዓመት፣ ድማሚቱ ፈነዳ። ፖላንዶች ቤታቸው እንደሚፈርስ አውቀው ልኬቱንና ቁራጩን ያዳኑት ገና ሳይፈርስ ነው። ጸሐፊው «መልሶ መሥራት ይቻላል» የሚለውን ወስደው ይህን ተውት።

መልሶ የመሥራቱ ውሳኔ ራሱ በ1971 ነው የመጣው። ገንዘቡ ከሕዝብ ተዋጣ፤ በውጭ ያሉ ፖላንዶችም ላኩ። እኛ ዲያስፖራዎች ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ነው። የማማው ሰዓት በሴፕቴምበር 17 1939 ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ቆሞ ነበር፤ በጁላይ 1974 እንደገና ሲነሣ ልክ ከዚያው ደቂቃ ላይ ተነሣ። ዛሬ ግድግዳውን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው የድሮው ድንጋይ ቁራጭ ከአዲሱ መሀል ይታያል። አልደበቁትም። በራስ እጅ አፍርሶ «እንደ ዋርሶ» ማለት እነዚያን ሰዎች ማሳነስ ነው።

ወደ ሶል ስንመጣ ጸሐፊው የተሻለ ነጥብ አላቸው፣ ይህን ሳልሸሽ እናገራለሁ። ጃፓን ኮሪያን በ1910 ከያዘች በኋላ የግዮንግቦክጉንግን ቤተ መንግሥት ቤቶች አብዛኞቹን አፈራርሳ፣ በ1926 ጉልላት ያለው ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ገተረች። የንጉሡ ቤት ከከተማው እንዳይታይ አድርጋ ነው የሠራችው። እኛ ጣሊያንን የምናውቅ ሰዎች ይሄ ስሜት አይጠፋንም። ኮሪያውያን ነፃ በወጡበት 50ኛ ዓመት፣ በኦገስት 15 1995፣ ማፍረስ ሲጀምሩ ብዙዎች በደስታ አልቅሰው ሊሆን ይችላል፣ አልፈርድባቸውም።

እነሱም ቢሆኑ ግን ጠራርገው አልጣሉትም። የጉልላቱ ጫፍና ሌሎች ቁራጮች ቾናን ወደሚገኘው የነፃነት ሙዚየም ተወስደዋል። ጫፉ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ጎብኚ ከላይ ቁልቁል ያየዋል። ሐሳባቸውን በግልጽ ተናገሩበት፣ ማስረጃውንም አላጠፉም። ሌላው ደግሞ ያ ሕንፃ በጊዜው ቅኝ ገዢ ብቻ የኖረበት አልነበረም። የኮሪያ ሪፐብሊክ መመሥረት በ1948 የታወጀው እዚያው ነው፣ በኋላም ብሔራዊ ሙዚየም ሆኗል። በዚህ ምክንያት ይቆይ ያሉ ኮሪያውያን ነበሩ።

ስለ ችኮላ ደግሞ ከዚያው ግቢ የምነግራችሁ አለ። የቤተ መንግሥቱ ዋና በር ግዋንግህዋሙን ይባላል። በ1968 በኮንክሪት መልሰው ሠሩት። ከሥፍራውም ፈቀቅ ብሎ ነበር። አላማራቸውም፤ ከ2006 ጀምሮ ያንን አፍርሰው በእንጨትና በድንጋይ፣ በትክክለኛ ቦታው ላይ እንደገና ሠሩት። ምርቃቱ ለኦገስት 15 2010 እንዲደርስ ሥራው ተጣደፈ። ሦስት ወር ሳይሞላ በሩ ላይ የተሰቀለው የስም ሰሌዳ ለሁለት ሊከፈል እስኪመስል ተሰነጠቀ። የሰሌዳው ጉዳይ ዓመታት አጨቃጭቆ አዲሱ የተሰቀለው በ2023 ነው። ለበዓል ይድረስ ተብሎ የተጣደፈ ሥራ ይህን ያመጣል።

ጸሐፊው በርሊን ድረስ መጥተው ራይኽስታግን ሳያነሡ መመለሳቸው አስገርሞኛል። የጀርመን ፓርላማ ነው። በ1933 ተቃጠለ፣ በ1945 ሶቪየቶች ተዋግተው ያዙት። ወታደሮቹ በከሰልና በጠመኔ ስማቸውን፣ የመጡበትን ከተማ፣ ቀኑን ግድግዳው ላይ ጻፉ። በ1960ዎቹ በተደረገው እድሳት ጽሑፉ በልባስ ተሸፈነ። እንግሊዛዊው አርክቴክት ኖርማን ፎስተር በ1990ዎቹ ሕንፃውን ሲያድስ ልባሱ ሲነሣ ያ ሁሉ የሩሲያ ፊደል ወጣ። ይጥፋ ያሉ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ስድቡ ተወግዶ ሌላው ቀረ። ዛሬ የጀርመን ሕዝብ ተወካዮች ወደ ስብሰባ ሲገቡ የሚያልፉት አገራቸውን ያሸነፉ ወታደሮች በጻፉት ጽሑፍ አጠገብ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የመስታወት ጉልላት ደግሞ አዲስ ነው፤ አሮጌ ለመምሰል አይሞክርም። በርሊንን ምሳሌ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ጸሐፊው የአዲስ አበባ ያረጁ የመንግሥት ሕንፃዎች የድሮ ሥርዓቶች ማስታወሻ ናቸውና ለአዲሱ ትውልድ አይናገሩም ይላሉ። የምኒልክ ግቢን ያስቡ እስቲ። ምኒልክ ገዙበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገዙበት። ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት በምድር ቤቱ አሰረበት፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም እዚያው ገዛ። ኢሕአዴግ ገባበት። አሁንም የመንግሥት ግቢ ነው። የመጣ ሁሉ የሄደውን ጠልቶ ነው የገባው፤ ግቢውን ግን አንዱም አላፈረሰውም። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ ታድሶ አንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት ሕዝቡ የግብር አዳራሹንም ምድር ቤቱንም አንድ ላይ አየ። ከእነዚህ መንግሥታት አንዱ ኡልብሪኽት ያደረገውን ቢያደርግ ኖሮ ምን እናይ ነበር?

ማደስም ቢሆን እውቀት ይፈልጋል። ጎንደር ላይ የፋሲል ግቢን ግንቦች ጣሊያን ቢሮ አድርጎ ሲይዝ በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠጋገናቸው። ግንቡ የተሠራው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ያፍናል፤ የታፈነው ውሃ ድንጋዩን ይበላዋል። በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። «አደስነው» ሲባል በምን የሚለውን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ጥሩ ምሳሌ ከተፈለገ እዚያው አዲስ አበባ አለ። አፍሪካ አዳራሽ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1961 የተመረቀ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት። አርጅቶ ነበር። አፍርሶ የሚያብለጨልጭ ነገር መገተር ቀላል ነበር። የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግን 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ ለዓመታት አደሰው፤ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም አብሮ ታድሶ ጥቅምት 2017 ዓ.ም ተከፈተ። አሁን ያ መስታወት ላይ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍ የሚታየው ቀለም በ1955 ዓ.ም መሪዎቹ ያዩት ነው።

መንገድ አይስፋ፣ ሰው በደሳሳ ቤት ይኑር የሚል የለም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም ስትፈርስ ሽንት ቤት ለአሥር አባወራ የሚጋሩ ሰዎች የተሻለ ቤት ይገባቸው ነበር፤ እነሱን ማንሣትና ታሪካዊውን ግንብ ማፍረስ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጸሐፊው አንድ አድርገው ጻፏቸው።

ጸሐፊው ይህን አንብበው መልስ ቢሰጡ ደስ ይለኛል። ሲመልሱ ግን ከአንድ ነገር ይጀምሩልኝ። ይፍረሱ ከሚሏቸው ሕንፃዎች ውስጥ የስንቱ ልኬት ተወስዷል? የስንቱ ንድፍ ተነሥቷል? የት መዝገብ ቤት ተቀምጧል፣ ማንስ ገብቶ ሊያየው ይችላል?